አማቱን ለጎሽ አደን የመራው ላኒ

አዳኞችን በክፍያ የሚያስመራው አለቃው ሆበርት «ወይ ወገቤ!» ብሎ ሶፋው ላይ ሲዘረጋ፣ ላኒ ገና ከበሩ ሳያልፍ ተንኮል ሸተተው። ሰውየው በአንድ እጁ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ በሌላው የተጠበሰ ዳቦ ይዞ ያላምጣል። የታመመ ሰው እንደዚያ አይጎርስም።

«የዛሬዋን አዳኝ አንተ ትወስዳታለህ» አለ ሆበርት። «እኔ እንደምታየኝ ሞቻለሁ።»

«ማን ናት?»

«አንዲት ሴትዮ። ሙሉውን ከፍላለች።»

«ስም የላትም?»

ሆበርት የጎረሰውን ዋጠና ጣራ ጣራውን እያየ «አዴሊን» አለ።

ላኒ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው። አዴሊን የሚስቱ የሮክሳን እናት ናት። አማቱ! በክሮው ነባር ሕዝብ አገር ደግሞ አማችና አማት አይነጋገሩም፤ ፊት ለፊትም አይተያዩም። ጠብ ኖሮ አይደለም፣ ክብር ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ክብር። ላኒ ሮክሳንን ካገባ አሥር ዓመት አልፎታል። አዴሊን በፊት በር ስትገባ እሱ በጓሮ ይወጣል። ግድ ሆኖ አንድ ገበታ ቀርበው ጨው ካማረው «እናትሽን ጨው ታቀብለኝ በያት» ይላል ለሚስቱ፤ ጨው ያለው ከእናቲቱ ክርን አጠገብ፣ እናቲቱም ያለችው እዚያው ገበታ ላይ ሆኖ ሳለ። የአማቱን ፊት አያውቀውም ማለት ይቻላል። ጫማዋን ግን ከሺህ ጫማ መሀል ይለየዋል።

«ይሄ ብድር መመለስ ነው» አለ ላኒ።

«ሥራ ነው» አለ ሆበርት፣ ሳቁን በዳቦ አፍኖ።

ብድር ነበር እንጂ! ሆበርት የአዴሊን የሹፈት ዘመድ ነው፤ አባቶቻቸው የአንድ ጎሳ ልጆች ናቸው። የሹፈት ዘመድ ሌላውን በአደባባይ የመቦጨቅ ሙሉ መብት አለው፣ የተቦጨቀው ደግሞ መቆጣት አይፈቀድለትም፤ ቀን ጠብቆ መመለስ ብቻ ነው። አምና ሆበርት ሚዳቋ አገኘሁ ብሎ የገዛ መኪናውን መስታወት በጥይት ሰንጥቆ ነበር። ይህን ጉድ በነሐሴው በዓል ላይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በድምፅ ማጉያ ያወጀችው አዴሊን ናት። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሆበርት ቀን ሲቆጥር ከርሟል።

«ካልፈለግህ ተወው» አለ ሆበርት። «ገንዘቧን መልሼ እሸኛታለሁ። ቅዳሜ አጎቶችህን ባዶ ሾርባ ታጠጣቸዋለች።»

እዚህ ላይ ላኒ ተሸነፈ። የአዴሊን ነገር ተራ የአደን አምሮት ቢሆን ኖሮ «ሌላ ቀን» ብሎ ይገላገል ነበር። ግን ስለት ነው። የላኒና የሮክሳን ትንሹ ልጅ ዴን፣ በጸደይ ቢሊንግስ ከተማ ሆስፒታል የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ያኔ አዴሊን በሰው ፊት ተሳለች፤ «ልጁ በእግሩ እየሄደ ቤቱ ከገባልኝ፣ በገዛ እጄ በጣልኩት ጎሽ የአባቱን ወገኖች አበላለሁ» ብላ። በዚህ አገር ልጅን የሚመርቁት፣ ስም የሚያወጡለት፣ የሚጸልዩለት የአባቱ ወገኖች ናቸው፤ የላኒ ዘመዶች ማለት ነው። ልጁ በእግሩ ገባ። ግብዣው ቅዳሜ ተባለ፣ ሰዉ ተጠራ። ጎሹ ብቻ ምንም ሳይሰማ ሳሩን ይግጣል።

ገንዘብ ከፍላ መሪ መያዟን የሰማ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ብሏል። እህቷ «አብደሻል? በዚያ ገንዘብ ሃርዲን ሄደሽ ማቀዝቀዣ ሙሉ ሥጋ ከነማቀዝቀዣው ትገዣለሽ!» አለቻት። የወንድሞቿ ልጆች «እኛ እያለንልሽ? በነፃ እንጥልልሻለን» አሉ። አምናም እንዲሁ ብለው ሄደው፣ ይዘው የተመለሱት ጉንፋን ነው። አዴሊን ግን «እኔ የተሳልኩት በገዛ እጄ ብዬ ነው፤ በእናንተ እጅ አላልኩም» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ይሁን እንጂ ባሏ በሕይወት ሳለ ቆርቆሮ ከመምታት በቀር ተኩሳ አታውቅም። ጉልበቷም ደረጃ ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ያለ መሪ ከወጣች ጎሹ ነው እሷን የሚያሯሯጣት።

ላኒ የመነጋገሪያ ሬዲዮውን አነሳና ውሻውን ሳጅንን ጠርቶ ወጣ።

አዴሊን ፒክአፑ አጠገብ የባሏን ጠመንጃ ይዛ ቆማ ነበር። ቀይ ማሰሪያ ያለው ቦት ጫማ። ጫማው ላኒን ሲያይ ባለበት ክው ብሎ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጀርባውን ሰጠ። በቤቱ መስኮት፣ ሆበርት ሁለት እጁን እያውለበለበ፣ በዚያ በታመመ ወገቡ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እሷ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ላኒ የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ጣራው አዞረው። ሳጅን ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን፣ እንደ ወረዳ ባለሥልጣን ተኮፈሰ።

ብዙ መንገድ ሄዱ። በመጨረሻ ከኋላ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ሳጅን» አለች አዴሊን። «እስቲ ጌታህን ጠይቅልኝ። ያ ሆዳም ዛሬ ምን ሆንኩ አለ?»

ላኒ መሪውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። መላው ገባው። «ሳጅን፣ ወገቤን አመመኝ ብሏል በላት።»

«ወገቡን ሳይሆን ኅሊናውን ነው የሚያመው በልልኝ።»

ሳጅን ተራ በተራ አያቸውና አዛጋ።

«ሳጅን» አለች ደግሞ፣ «ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት ከውሻ ጋር ላወራ ነው? ውሻ ጎረቤቴ በነፃ አለኝ።»

«ሳጅን፣ ጎሹን ሳናይ አንመለስም በላት» አለ ላኒ። ልቡ ግን ፈራ። መሪነት ማለት ማናገር ነው። ፈረንጅ አዳኝ ሲመጣ «ተንፍስ፣ ቆይ፣ ዝቅ አድርግ» እያለ ጆሮው ስር ይንሾካሾካል። ዛሬ ግን የሚንሾካሾከው ለማን ነው? አማቱ ብትስት የሚፈርሰው ስለት በልጁ ስም የተገባ ስለት ነው። ይህን እያሰበ የመጣው ላብ በጥቅምት ብርድ ሸሚዙን አራሰው።

መንጋውን ያገኙት ከኮረብታው ጀርባ፣ ነፋሱ ወደነሱ በሚነፍስበት በኩል ነው። ፒክአፑን ከጉብታው በታች አቁመው በእግር ቀጠሉ፤ ላኒ ከፊት፣ ሳጅን ከመሀል፣ አዴሊን ከኋላ። ነፋሱ ሳሩን አስተኝቶታል።

«ሳጅን፣ ጎንበስ በል» አለ ላኒ በሹክሹክታ። ውሻው አልሰማም፤ አዴሊን ጎነበሰች።

«ሳጅን፣ አሁን በሆድህ ተሳብ።»

«ሳጅን» አለች አማቲቱ ከኋላ እያለከለከች፣ «ጉልበቴ የብረት እንዳይመስለው ንገርልኝ። በሆዴ ልሳብ ካለ ደግሞ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።»

ላኒ ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ። አማት የምትቀልድ መሆኗን ያወቀው ገና ዛሬ ነው! አሥር ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ወዲያ ስትስቅ ይሰማ ነበር እንጂ ቀልዱ ደርሶት አያውቅም። እየተሳቡ ጫፉ ላይ ደረሱ። ላኒ ባለ ሁለት እግሩን የጠመንጃ መደገፊያ ተከለ፣ ጎኑን ሰጥቶ ገለል አለ። አዴሊን እያቃሰተች ቦታዋን ያዘች።

ጎሾቹ ከታች ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ላኒ ወጣቱን ኮርማ መረጠ፤ ጠና ያለ፣ ግን ሥጋው ያላረጀ፣ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ።

«ሳጅን፣ ያ ጆሮው የተቀደደው ይታይሃል? እሱ ነው። ስማኝ ደግሞ፤ ሰው ሁሉ የጎሽ ልብ ከሻኛው ስር ይመስለዋል፣ እዚያ ተኩሶ ጠጉር ይላጫል። ልቡ ታች ነው። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ክርኑ አጠገብ።»

«ሳጅን፣ ገባኝ በለው።»

«ሳጅን፣ ጎኑን እስኪሰጥ አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ ኮርማ፣ ከመንጋው ተነጥሎ ብቻውን የቆመ፣ ውሻውን አየ መሰለኝ፣ ራሱን ቀና አድርጎ በአፍንጫው አንድ ጊዜ አንኮራፋ። ድምፁ መሬት ለመሬት መጣ። ሳጅን ጆሮውን ጣለ፣ ጅራቱን ሸጎጠ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ኩፈሳ የት እንደገባ እንጃ፣ ወደ ፒክአፑ ፈረጠጠ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

ላኒና አማቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ክንድ ለክንድ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው። በመሀላቸው የሚነገረው ፍጡር የለም።

እንግዲህ ዝም አይነቅዝም ብሎ ላኒ ዝም አለ። ኮርማው እየጋጠ እየጋጠ ጎኑን ሰጠ። አዴሊን ጉንጯን ከሰደፉ ጋር አጣበቀች። ትንፋሿ ረጋ። ላኒ አፈሙዙን አየ፤ ልክ ነው፣ ዝቅ ብሏል፣ ክርኑ አጠገብ ነው። ጎበዝ ሴት! ጣቷ ምላጩ ላይ ታጠፈ።

ያኔ ነው ላኒ ጥጃውን ያየው። ከኮርማው ጀርባ፣ እናቱን ተከትሎ፣ ቡላ ጥጃ እየተንከላወሰ መጥቶ ልክ በጥይቱ መንገድ ላይ ቆመ። በጠመንጃው መነጽር ለምታይ ሴት ከኮርማው በቀር የሚታያት የለም። ጥይቱ ግን ኮርማው ላይ አያበቃም፤ ሰንጥቆ ያልፋል። ለልጅ ጤና በተሳሉት ጥይት ጥጃ መግደል! የትኛው አጎት ያንን ሥጋ በልቶ ልጁን ይመርቃል? ላኒ ዙሪያውን ቃኘ። ውሻ የለም። ወፍ የለም። ለድንጋይ ልንገር አለ፣ ድንጋይም የለም፤ ሳር ብቻ ነው።

«ይቆዩ!» አለ በሹክሹክታ፣ ጆሮዋ ስር። «አይተኩሱ። ከኋላው ጥጃ አለ።»

አዴሊን ደርቃ ቀረች። ጣቷ ከምላጩ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቷን አላዞረችም። ላኒ እስከ አጥንቱ ድረስ አፈረ። አባቱ ይህን ቢያይ ኖሮ ፊቱን በኮፍያው ይሸፍን ነበር። ግን አንዴ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አፉን ዘግቶ ስለቱን ቢያበላሽ ደግሞ ነውሩ እጥፍ ነው።

ጥጃው እናቱን ጠባ። ጊዜ ወሰደ፤ ምን ቸገረው? አዴሊን በዚያ ጉልበቷ ተንበርክካ ትጠብቃለች፣ ላኒ ጥጃውን በዓይኑ ይከተላል። በመጨረሻ እናቲቱ ተንቀሳቀሰች፣ ጥጃውም ተከተላት፣ ከኮርማው ኋላ ባዶ ሜዳ ሆነ።

«አሁን» አለ ላኒ።

ተኮሰች። ኮርማው ምንም እንዳልሆነ ቆመ። ጎሹ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ አንድ ነገር የረሳ ይመስል ቆመ፣ ከዚያ የፊት ጉልበቶቹ ታጠፉ፤ ያ ሁሉ ግዙፍ አካል በጎኑ ተጋደመ። አዴሊን በረዥሙ ተነፈሰችና ጠመንጃውን ከፍታ ቀለሁን አወጣች። ማልቀስም መሳቅም ያልሆነ ድምፅ አሰማች።

ይህኔ ወርደው ሥጋውን ቢይዙ ነገሩ በሥራ ይሸፈን ነበር። ጎሽ ግን የወደቀ ወንድሙን ጥሎ አይሄድም። መንጋው መጥቶ ዙሪያውን ከበበው፤ ያሸቱታል፣ በቀንዳቸው ይገፉታል፣ «ተነስ እንጂ» የሚሉት ይመስላሉ። እስኪተዉት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ አማችና አማት ሳሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ፤ እሱ ወደ ምሥራቅ፣ እሷ ወደ ምዕራብ እያዩ። ወይ ያንን ዝምታ! የአሥር ዓመቱ ዝምታ ክብር ነበረው፤ ይሄኛው ሚስማር ነው።

ሽማግሌዎች የሚያውቁት አንድ መውጫ አለ። አማች ትልቅ ስጦታ ከሰጠ፣ አማቲቱም ከተቀበለች፣ ዝምታው ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ እናትና ልጅ ያወራሉ። ካልተቀበለች ግን ውርደቱ ይዘልቃል። ላኒ ያለውን ሁሉ በልቡ አገላበጠ። ፒክአፑ የሆበርት ነው፣ ቤቱ የመንግሥት ነው። የራሴ የሚለው ትልቅ ነገር አንድ ብቻ ነው።

«ዳማው ፈረሴ» አለ ለአየሩ። «ከዛሬ ጀምሮ የሮክሳን እናት ንብረት ነው።»

አዴሊን ሳር እየነጨች ወደ ምዕራብ ማየቷን ቀጠለች። ላኒ በቃ፣ አለቀልኝ አለ።

«ያ የሚናከሰው?» አለች አዴሊን።

ለውሻው አልነበረም። ለእሱ ነው!

«አልፎ አልፎ ነው የሚናከሰው።»

«የቄሱን ኮፍያ የበላው?»

«ኮፍያውን ብቻ ነው። ቄሱን አልነካቸውም።»

አዴሊን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላኒ ደንግጦ ዞር ሲል እየሳቀች ነው፤ እንባዋ እስኪወርድ። ፊቷንም አየው። ሮክሳን ስታረጅ ምን እንደምትመስል ገና አሁን አወቀ፤ ደስ አለው።

«ተቀብያለሁ» አለች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «መቀመጥ እንኳ አልቀመጥበትም። የሚነክሰውን ሰው ግን አላጣለትም።»

ይህን እያለች ሬዲዮው ተንጫጫ።

«ሃሎ! ሃሎ!» አለ ሆበርት። «በሕይወት አላችሁ? ወይስ ሳጅን ቃለ ጉባኤ እየጻፈ ነው?»

አዴሊን እጇን ዘረጋች። ላኒ ሬዲዮውን ከእጁ ወደ እጇ ሰጣት።

«ሆበርት፣ ወገብህ እንዴት ዋለ?»

«ኧ... ተመስገን፣ ትንሽ ሻል ብሎታል።»

«እንዳትለምደው። ስመጣ ይብሰዋል።»

«ጎሹስ?»

«ወድቋል። በገዛ እጄ! ተጎታቹን ይዘህ ና።»

ከወዲያ ማዶ ጉሮሮ ተጠረገ። ሆበርት ለዛሬ ያዘጋጀው ሹፈት ሁሉ እየተበላሸበት መሆኑ ያስታውቃል። «እንዲያ ከሆነ» አለ በመጨረሻ፣ «የገንዘብሽን አገኘሽዋ! ያዋጣል አይደል? ደንበኛ ሲጠይቀኝ አዴሊን ያዋጣል ብላለች ልበል?»

«ለጎሹ ከሆነ አያዋጣም!» ብላ ጮኸች። «የቆመ ከብት ነው፤ አልሸሸኝ፣ አልታገለኝ። ሌባ ነህ። ማንም ቢጠይቅህ አዴሊን ሌባ ነው አለችኝ በል።» ሬዲዮውን ዘጋችው።

መንጋው ቀስ በቀስ ተበተነ። ላኒና አዴሊን ወርደው ከኮርማው አጠገብ ቆሙ። እሷ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ በክሮው ቋንቋ በለሆሳስ አመሰገነችው፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ቢላዋዋን አወጣች። ላኒ የፊት እግሩን ወደ ላይ ገፍቶ በሁለት እጁ ያዘላት። ጎሽ ገፎ መበለት ያለ ንግግር አይሆንም፤ «ሳብ»፣ «ያዝ»፣ «ወደ አንተ» ትለዋለች፣ እሱም ይስባል፣ ይይዛል። የመጀመሪያው ቃል ነው እንጂ የሚከብደው፣ የቀረው እንደ ውሃ ነው።

«ቢሊንግስ እያለን» አለች አዴሊን ድንገት፣ ቢላዋዋን ሳታቆም። «ልጁን ይዘውት የገቡ ቀን። አንተ ከለስላሳ መሸጫው ማሽን ጀርባ ሄደህ አለቀስክ።»

ላኒ የያዘውን እግር ትኩር ብሎ አየ። ያንን ማንም አላየኝም ብሎ ነበር።

«ሮክሳን አልሰማችም። እኔ ግን ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።» ቢላዋዋ ቆመ። «ልመጣ ተነሳሁ። አማት ነሽ፣ አይሆንም ብዬ ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነሳሁ። ደግሞ ተቀመጥኩ። ሰው ብቻውን ሲያለቅስ አለማየት ክብር ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፣ ይታይሃል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

ላኒ አቀረቀረ።

«አይዞህ» አለችው።

ልጁ ከዳነ ወራት አልፈዋል። አሁን ቤቱ ሆኖ ከእህቱ ጋር ኳስ ይራገጣል። ቢሆንም ያቺ ቃል ላኒን ከስሩ ነቀነቀችው። ያኔ ከማሽኑ ጀርባ የቀረው ልቅሶ ሁሉ ተመልሶ መጣ፣ ጢሙ ራሰ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከባዱ እግርም ከእጁ ሊያመልጥ ተንሸራተተ።

«ማልቀሱን አልቅስ፣ ልጄ» አለች አዴሊን፣ ወደ ሥራዋ ጎንበስ እያለች። «እግሩን ግን እንዳትለቅብኝ፣ ከስሩ ነኝ።»